ነፍስ ይማር ያልኩበት ዳቦ

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። አዳማ ቤት አለኝ፤ ጎረቤቶቼ ግን "አንቺ ቤት የሚኖረው ቁልፉ ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል። ሁሩታ እህቴ አለች፣ ዱከም ምራቴ አለች፣ በመሃል ደግሞ የሚነግሥ ታቦት ካለ የትም ቢሆን እሄዳለሁ። ልጄ ከጠፋ ወዲህ ይሄ መዞር ባሰብኝ። አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ እሱን መፈለግ የተውኩ እየመሰለኝ።

ልጄ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። አንድ ቀን መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። በሩ ክፍት ነው፣ ቁልፉ በቦታው ነው፣ ቲማቲሙ በፀሐይ ፈርጦ ውሃው በጎማው ላይ ይወርዳል። እሱ የለም። ሰዎች ይዘውት ሄዱ ተባለ። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጋቸው፣ ዛሬም የሚነግረኝ የለም።

ያኔ ጸሎት የምለው አንድ ነገር ነበረኝ። አባቴ ጎህ ሲቀድ ቆሞ የሚደግመውን በጆሮዬ ሰምቼ ነው የያዝኩት። ግዕዝ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል እንኳ የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ጸሎቱ ምን እንደሚል አላውቅም። ግን አንድ ቃል አይጎድልብኝም። ወጥ እያማሰልኩም፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቤም እደግመዋለሁ። አፌ ሲደግም ልቤ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ዘይት ተወደደ ይላል፣ ጉልበቴን ቆረጠመኝ ይላል። ልጄ ከጠፋም በኋላ ያንኑ ነበር የምደግመው።

እሱ ይጭንበት የነበረውን ቦታ ልይ ብዬ መቂ ሄድኩ። ደላሎቹ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይጯጯሃሉ፣ ለእኔ ጊዜ የላቸውም። ቲማቲም የምትለቅም አንዲት ሴት ግን አየችኝ። በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ ኦሮሞ ናት፣ እስላም ናት። የበሰበሰውን ከደህናው እየለየች ሳጥን ውስጥ ትደረድራለች። "አካም ጅርታ" አልኳትና የማን እናት እንደሆንኩ ነገርኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አቀፈችኝ።

"ያ ቀልደኛ!" አለች። "ይቺ ቲማቲም ካንቺ በላይ ተጨማዳለች እያለ ያናድደኝ ነበር።"

ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ። የሷ የስግደት ሰዓት ሲደርስ ጥላው ውስጥ ምንጣፏን ዘርግታ ሰገደች። እኔም ዝም ከምል ብዬ የአባቴን ጸሎት ጀመርኩ። ስግደቷን ጨረሰች ስል እጇን ዘርግታ ቁጭ አለች፤ "ያ ረቢ" እያለች በኦሮምኛ ታወራ ጀመር። እንደ ጎረቤት ነው የምታወራው። ትቆጣለች፣ ትለምናለች፣ ዝም ትላለች፣ የረሳችው ነገር ትዝ ሲላት ደግሞ ትቀጥላለች።

ስትጨርስ "አንቺስ ምን ብለሽ ለመንሽው?" አለችኝ።

"እኔንጃ። ግዕዝ ነው፣ አላውቀውም።"

"ታዲያ ልጅሽ መጥፋቱን ማን ነገረው?"

"እሱማ ያውቃል።"

"ያውቃል እንጂ! ባሌም ጫማዬ መቀደዱን ያውቃል። ካልጨቀጨቅኩት ግን መቼ ይገዛልኛል?"

ልጄ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅኩ። እሷ ግን መልሳ ኮስተር አለች። "ሰላቱ የሱ ነው፤ አምስቱንም አደርሳለሁ፤ አላጎድልበትም። ዱዓው ግን የኔ ነው። የሆዴን በሆዴ ቋንቋ እነግረዋለሁ። አንቺም ንገሪው።"

አዳማ ተመልሼ ረፋድ ላይ በሬን ዘጋሁ። ንፋሱ አቧራውን በበሩ ሥር ያስገባል። ቆምኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከፊቴ ሰው የተቀመጠ ይመስል አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ስደግም ኖሬ አንዲት የራሴ ቃል ብፈልግ የለችም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩ፦ "ጌታዬ፣ ደክሞኛል። ልጄን ወይ አምጣልኝ፣ ወይ ቁርጡን ንገረኝ።"

ካልኩት በኋላ "ወይ" ያልኩት አስፈራኝ። ልመልሰው ፈለግኩ። ግን ከአፍ ከወጣ አይመለስም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የልጅ ልጄን ቢያክሉ ነው፣ እሳቸው ግን "ልጄ" ነው የሚሉኝ። "ልጄ፣ እግዚአብሔርን አማርጠው አይለምኑትም" አሉኝ። "ፈቃድህ ይሁን ነው የሚባለው።" እጃቸውን ሳምኩ፤ ጸሎቴን ግን አልቀየርኩም። ሁሩታም መቂም ስመላለስ "ቁርጡን ንገረኝ" እያልኩ ነው።

አንድ እሁድ ምራቴን፣ የጠፋውን ልጄን ሚስት፣ ልያት ብዬ ሳልደውልላት ወደ ዱከም ሄድኩ። ስደርስ የቅዳሴ ማብቂያ ነበር። መጀመሪያ ልሳለም ብዬ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሕዝቡ ሲወጣ ዛፉ ሥር ከአሮጊቶቹ ጋር አረፍኩ። አንዲት የሰንበቴ ሴት ዳቦና ንፍሮ በሰፌድ ይዛ እየዞረች ታድላለች። ነጠላዬን ዘረጋሁ፣ ሰጠችኝ። "ነፍስ ይማር" አልኩ። እንደ ሁልጊዜው ነው ያልኩት። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ ነበርና ሐሳቤ እዚያ ነው። ቆርሼ ጎረስኩ።

ከዚያ እንዲያው ለወግ ያህል "የማን ተዝካር ነው?" አልኳት።

"የአንድ ሾፌር ነው፣ እናቴ። ጫካ ውስጥ ሞተ አሉ፤ ሬሳውም አልመጣ። ሚስቱ እዚህ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ምስኪን፣ ሐዘን እንኳ አልተቀመጠች፣ ሰው አልጠራች፣ ዳቦውን ብቻ ላከች።"

የክርስትና ስሙንም ነገረችኝ። ያን ስም ካህኑ ያወጡለት በአርባ ቀኑ እኔ አቅፌ ወስጄው ነው። ሰፌዱን ያኔ አየሁት። የራሴ ስፌት ነው፤ ቀዩ አለላ ስላለቀብኝ ጠርዙን በአረንጓዴ ጨርሼ ለምራቴ የሰጠኋት።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ነው። የሙት ዳቦ አይተፋም። ዋጥኩት።

ምራቴ ኪራይ ቤቷ ደጃፍ ልብስ እያጠበች ደረስኩ። የለበሰችው ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ነጠላዬ ውስጥ የተቋጠረውን ንፍሮ።

"እማማ..."

"በልቼ መጣሁ" አልኳት። "ነፍስ ይማርም ብያለሁ።"

እግሬ ሥር ተደፋች። አብሮት ተይዞ የነበረ ሰው ተለቆ ፋብሪካው በር ድረስ መጥቶ ነግሯት ኖሯል። ንዳድ ነው የገደለው። እዚያው ቀበሩት።

"እንዴት ሳትነግሪኝ?"

"ሽማግሌዎቹ ሊያረዱዎት ሁለቴ አዳማ ሄዱ፣ እማማ። አንዴ ሁሩታ ናቸው ተባሉ፣ አንዴ መቂ። በስልክ መርዶ ይነገራል?"

"ጥቁሩንስ?"

"እርስዎ ሳይለብሱ እኔ እንዴት ልልበስ? ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው።"

እውነቷን ነው። መርዶ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እኔን ማን ያግኘኝ? ተቃቅፈን ተቀመጥን። ጎረቤት ድምፃችንን ሰምቶ መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ግን አንድ ነገር ነበር በሐሳቤ የሚዞረው። ቁርጡን ንገረኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ካማረጥኩት አንዱን ሰጠኝ። በምን ልውቀሰው?

ላናግረው ፈለግኩ። መቂ ላይ እንደተማርኩት በሆዴ ቋንቋ፣ እንደ ጎረቤት። አንድም ቃል የለኝም። ደረቴን እየመታሁ አፌን ስከፍት የወጣው የአባቴ ጸሎት ነው፤ ያው የማላውቀው ግዕዝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ እንደገና ጀመርኩት። ለቀስተኞቹ ሲጮሁ፣ ድንኳን ሲተከል፣ እኔ እሱን ነበር የምደግመው። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

በሙት ዓመቱ ዳቦውን እኔ ራሴ ጋገርኩ፣ በዚያው ሰፌድ ይዤ ዱከም ሄድኩ። ምራቴ ጥቁሯን ለብሳ ንፍሮውን ይዛ ከኋላዬ ነበረች። ዛፉ ሥር የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ዘረጋች።

"ነፍስ ይማር" አለች። አላየችኝም። አጠገቧ ካለችው ጋር ስለ ወገቧ እያወራች ነው። "ትናንት ማታ እንኳ መገልበጥ አቅቶኝ... ዳቦው ይጨመርልኝ እስቲ።"

ጨመርኩላት።

"አሜን" አልኳት።