ፖዘቲቭ የተባልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ላይ የደም ምርመራ ውጤቴን ልቀበል ላብራቶሪው በር ላይ ወረፋ ይዤ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ ከፊቴ ላሉት አዛውንት ወረቀት ሲሰጣቸው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታይፎይዱ ፖዘቲቭ ነው፣ አባባ» አላቸው። ለታይፎይድ ደግሞ ምን ያንሾካሹካል? ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው ዞረው ገላመጡኝ፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ ራሴ ፖዘቲቭ የተባልኩ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ከተማ አስተምር ነበር፤ ወግዲ ለሚያስተምረው ለይመር ታጭቼ ሰርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ታዲያ ድካም ጀመረኝ። ዳገት አቃተኝ፤ ከግራ ጎድኔ ሥር የሆነ ነገር ይከብደኛል። ደሜን በማይክሮስኮፕ ያየው ባለሙያ ቀና ብሎ አየኝና እንደገና አጎነበሰ። ነጭ የደም ሕዋሱ እንደ ጤፍ ፈሶበታል። ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚያ ከመቅኒዬም ቀድተው አዩና የደም ካንሰር ነው አሉኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ለቤተሰቤ ግን «ደሜን እየመረመሩኝ ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላልኩም።

ሐኪሟ «ቆይ እንጂ፣ አንድ ምርመራ ይቀረናል» አለችኝ። «ደምሽ ውስጥ የምንፈልጋት አንዲት ምልክት አለች። ከተገኘች፣ እሷኑ ለይቶ የሚመታ ክኒን አለልሽ። ካልተገኘች ግን ነገሩ ይከብዳል።» አክስቴ ቤት ሆኜ ሳምንታት ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ ፖዘቲቭ ከመባል አውጣኝ እያለ ሲሳል፣ እኔ ፖዘቲቭ በሉኝ ብዬ ተሳልኩ።

አሉኝ! ሐኪሟን አቅፌ አገላብጬ ሳምኳት። ስልክ ቤት ሮጬ እናቴን ጋሽ ሰይድ ሱቅ አስጠራኋት፤ በሰፈራችን ስልክ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «እማዬ፣ ፖዘቲቭ ነው! ፖዘቲቭ!» ብዬ ስጮህ መስመሩ ተቋረጠ። ደስታዬን የሰማች መስሎኝ ተውኩት። እኔ ሞኟ! ያኔ በእኛ አገር ያ ቃል ከኤችአይቪ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ስንቱን ሰው ከጎረቤቱ የለየ ቃል ነው፤ እሱስ አያስቅም።

በማግስቱ መምጫዬን በጋሽ ሰይድ ስልክ አስነግሬ ተሳፈርኩ። ደሴ አድሬ፣ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ጥርሴን እያንገጫገጨው አለፍኩ። ጥቅምት ነበርና አቃስታ ስንደርስ የባቄላ እሸት ገዝቼ እየፈለፈልኩ እስክጠግብ በላሁ። ከስንት ወር በኋላ የምግብ ጣዕም መጣልኝ።

መካነ ሰላም መናኸሪያው ላይ እናቴ የለችም። ይመር ብቻውን ቆሟል፤ ፊቱ ገርጥቷል። ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

«ሰርጉን ወደዚህ ወር አምጥቼዋለሁ» አለኝ።

«ምነው? ምን አጣደፈህ?»

«አባቴ ይፍረስ ብለው ነበር፤ እምቢ አልኩ። አንቺ ብቻ አብሽሪ። መድኃኒቱ መጥቷል ይላሉ፤ እየተጠነቀቅን እንኖራለን።»

«የምን መድኃኒት?»

ግራ ቀኙን አየና «የዚያ የ... የፖዘቲቩ» አለኝ በሹክሹክታ።

ሲገባኝ እየሳቅኩ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። «ኧረ ይመር፣ ካንሰር ነው እኮ! መድኃኒት ያለው ካንሰር!» ስል የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ካንሰር ብቻ?» አለ፤ ከዚያ የማርያም ማኅበርተኛው ይመር እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። ወሎዬ አይደል!

ሰርጉ በዚያው ወር ሆነ። ክኒኑን እስከ ዛሬ በየቀኑ እውጣለሁ፤ ያቺ ምልክትም በምርመራ ካልታየች ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሁሉ ያቆመሽ መድኃኒቱ ነው ይለኛል፤ ልክ ነው፣ አልክድም። ግን ሦስት ልጅ ወልደን፣ ተኳርፈን ታርቀን፣ አንዳንዴ በይመር ስናደድ ያ መናኸሪያ ፊቴ ድቅን ይላል። የያዘኝ ካንሰር መሆኑን ሳያውቅ፣ ከዚያ ይበልጥ የሚፈራው ኤችአይቪ ነው ብሎ እያመነ፣ ሰርጉን አቅርቦ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ንዴቴም ይበርድልኛል።