የዚያድ አልበምና የተሰረዘው ሂስ

መይሙና ስልኳን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ፊቱን ደፍታ ማስቀመጥ ከጀመረች ሰነባብታለች። መልእክት በገባ ቁጥር ስፌቷን እያቋረጠች ተቸግራ ነው።

የሙዚቃ ግሩፑን የከፈተው ባሏ ዓሊዩ ነበር። ጭሮ ከተማ ውስጥ ካሴት ቤት የነበረው ሰው ነው። ካሴት የሚገዛ ሲጠፋ ሱቁን ዘጋና ደንበኞቹን ቴሌግራም ላይ ሰበሰባቸው። በኋላ የጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ መመላለስ ሲጀምር «ለጊዜው አንቺ ያዢልኝ» ብሎ አድሚንነቱን ሰጣት። ለጊዜው የተባለው ይኸው ዓመታት አስቆጠረ። ከቦርደዴ እስከ ቦኬ ያለ ሙዚቃ ወዳድ እዚያ ተሰብስቧል። አዲስ አልበም ሲወጣ አንዱ ሂስ ይጽፋል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ከዚያ ስድቡ ይከተላል። ዓሊዩ የተወላት ሕግ አጭር ነው፦ እናት አይሰደብም፣ ዘርና ሃይማኖት አይነሳም፣ ሳይሰሙ አይጻፍም። ይቺን የመጨረሻዋን የሚያከብር ሰው ብዙም አላጋጠማትም።

ዚያድ የሚባል የበደሳ ከተማ ልጅ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በዚህ መሀል ነው። ጫት ሲነግድ የቆየ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘፍናል። «የእኛ ልጅ!» እየተባለ ግሩፑ በደስታ ቀለጠ፤ የልብና የእሳት ምልክት ተዥጎደጎደ። ብዙም ሳይቆይ ነቢዩ የሚባል አባል ሂስ ጻፈ። ነቢዩ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር ያደገ፣ ጆሮውን በቀላሉ የማያታልሉት ሰው። ኪቦርዱ የልጁን ድምፅ ውጦታል አለ። ግማሹ ዘፈን አንድ ዓይነት ምት ነው አለ። ስድስተኛው ዘፈን ግን እንዳስለቀሰው አልደበቀም። እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። መጨረሻ ላይ «በተረፈ ጫቱን እየነገደ ቢቆይ ይሻለው ነበር» የምትል መስመር ጨመረበት።

ሰዉ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያችን መስመር ብቻ ያዘ። ግሩፑ ውስጥ ካለው ሰው ገሚሱ እንጀራው ጫት ነው። «ጫት ነጋዴ መዝፈን አይችልም ማለት ነው?» ብሎ አንዱ ጠየቀ፤ ይህ አግባብ ያለው ጥያቄ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን አልጠየቁም። የነቢዩን እናት ሰደቡ፣ ሃይማኖቱን አነሱ። እሱም አልተኛላቸውም፤ መለሰ። መይሙና አንዱን ስትሰርዝ ሌላው ይመጣል። የሰው የሰርግ ቀሚስ ጭኗ ላይ እንደተዘረጋ ለነቢዩ ደወለችለት።

«ነቢዩ፣ ያችን የጫት ነገር አውጣልኝ። ሌላው ይቆይ።»

«መይሙኔ፣ ሂስ ነው እኮ! ሁሌ እየተሞጋገስን እንኑር?»

«ስለ ዘፈኑ ያልከውን ማን ነካብህ? ጫቱ የትኛው ዘፈን ላይ ነው ያለው?»

«እናቴን ሲሰድቡ አንቺ የት ነበርሽ?» አላት ነቢዩ።

«ልብስ እየሰፋሁ» አለችው።

ለዓሊዩም ደወለች። መንገድ ላይ ነበር። «ግሩፑን ዝጊው አቦ! የስንቱን አፍ ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ?» አላት። ልትዘጋው አልቻለችም። ዓሊዩ ካሴት ቤቱን የዘጋ ጊዜ እንዴት ሆኖ እንደነበር አይታዋለች። ስለዚህ የነቢዩን ጽሑፍ ከነ ኮሜንቱ ጠራርጋ አጠፋችው። ገሚሱ አመሰገናት፤ ገሚሱ አምባገነን አላት። ነቢዩ ከግሩፑ ወጣ።

በገበያ ቀን አንድ ቀጭን ወጣት የልብስ ስፌት ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም። መይሙና አንቺ ነሽ? ዚያድ ነኝ፣ ከበደሳ።»

ሊያመሰግናት የመጣ መስሏት ወንበር ሰጠችው። «አይዞህ፣ ሰርዤዋለሁ» አለችው።

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። ማሎ፣ እባክሽ መልሺው።»

«ሰድቦሃል እኮ!»

«አዎ፣ ሰድቦኛል። ግን የእኛ ልጅ ያሉኝን ስድስተኛው ዘፈን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ወላሂ አንድም የሰማው የለም። እሱ ብቻ ነው እስከ መጨረሻው የሰማኝ። ስለ ኪቦርዱ ያለውን አንብቤ ሳልጨርስ ጠፋብኝ።»

መይሙና መርፌውን አስቀመጠች። የጠፋው አይመለስም፤ እንዴት ብላ ትንገረው? ለነቢዩ ደወለችና ቅጂ እንዳለው ጠየቀችው። የለውም፤ እዚያው ግሩፑ ላይ ነበር የጻፈው። ከዚያ ስልኩን ለዚያድ ሰጠችው። ልጁ ይዞት ወደ ውጭ ወጣ። ከባጃጆቹ አጠገብ ቆሞ በጣቱ ጭኑን ሲመታ፣ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያዜም በመስኮት አየችው። ቆይቶ ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«ኪቦርዱን አሁንም አልወደደውም» አለ ፈገግ ብሎ።

«የጫቱንስ ነገር?»

«አላነሳውም። እኔም አላነሳሁበትም።»

ነቢዩ ወደ ግሩፑ አልተመለሰም። ብትለምነውም «ከእንግዲህ እዚያ አንድ ቃል አልጽፍም» አላት። ዚያድ አዲስ ዘፈን ሲሠራ ከሁሉ በፊት ለእሱ እንደሚልክለት ሰማች። ግሩፑ ላይ ግን አልበም መጣ፣ ልብና እሳት ተዥጎደጎደ፣ ሂስ የሚጽፍም ጠፋ። ጸጥታውን ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር! ሲመጣ ግን አላሳረፋትም።

በመጨረሻ ከግሩፑ አባላት የቦኬዋን ኡምኩልሱምን አድሚን አድርጋ ሸክሙን አካፈለቻት። ኡምኩልሱም ገና ሳምንት ሳይሞላት ደወለች።

«መይሙና፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልኩትም» አለቻት መይሙና።