የከተማ ተጠሪ

ሞጣ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ምዝገባ ሲደርስ ግን የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ወደ መዝገብ ክፍል ያዛውሩኛል። ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ በትውልድ ከተማዬ በቢቸና፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ማየት አይወድም። እኔ በበኩሌ አልወድም።

በመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ «የከተማ ተጠሪ» የሚል መስመር አለ። ከገጠር የሚመጡ ልጆች ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ቢታመሙ ወይም ቢያጠፉ ወላጃቸው እስኪመጣ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፣ በቅርብ የሚጠራላቸው ሰው ይመዘገባል።

በዚያ ዓመት መስከረም አንድ አባት የልጃቸውን ስንቅ በትከሻቸው እንደተሸከሙ መጡ። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ።

«የከተማ ተጠሪዋ ማን ነው?» አልኳቸው።

«ማንም የለን።»

«አንድ ሰው መጻፍ አለበት።»

«እንግዲያው እግዚአብሔርን ይጻፉልኝ።»

«ስልክ ቁጥር ይጠይቃል» አልኳቸው።

አባትየው ስንቁን መሬት አስቀመጡና አሰቡ። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። የት እንደተከራየች ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። አከራዩን አውቃቸው ነበር። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ አባል ናቸው፣ በስብሰባ ሁሉ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ የተከበሩ ሰው። «እሳቸውን እንጻፋቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። አባትየው «ደግ ብለዋል» አሉ። ስማቸውን አቀላጥፌ ጻፍኩት። ባዶው ቦታ ሞላ፣ «ቀጣይ» አልኩ።

ከኅዳር ጀምሮ ልጅቷ በየቀኑ ቤተ መጻሕፍት መምጣት ጀመረች። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ትቀመጥና ጂኦግራፊ ትገልጣለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ሳቅጨለጭል ከሁሉ መጨረሻ ትወጣለች።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ይከፈታል?»

«ቲቸር አይደለሁም። እስከ ስድስት ሰዓት ይከፈታል።»

«እሑድስ?»

«እሑድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።»

«ከቤተ ክርስቲያን በኋላስ?»

በሥራ ዘመኔ እሑድ ክፈቺልን ያለኝ ተማሪ የለም። አንባቢ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት መጻሕፍት መርጬ ለብቻ አስቀመጥኩላት። አልነካቻቸውም። ጂኦግራፊው ላይ አንድ ገጽ ገልጣ ሁለት ሳምንት ቆየች። ጠንቃቃ አንባቢ ናት ብዬ ደመደምኩ።

በታኅሣሥ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ታበዛለች፣ ትቀራለችም ተብሎ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደር «ወላጅ ይዘሽ ነይ» አላት። ሦስት ቀን ወላጅ ሳትይዝ መጣች። በአራተኛው ቀን እሱ ራሱ መዝገቡን ከፍቶ ተጠሪዋ ዘንድ ደወለ። ሰውየው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢያቸውን ለብሰው ደረሱ። ወንበር ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ።

«እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ። «እኔም እመክራታለሁ፣ እናንተም ምከሩልኝ።»

«ተጠሪ ሁሉ እንደርስዎ ቢሆን እኛስ ምን ሥራ ነበረን» አላቸው ዩኒት ሊደሩ።

የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ፈርመው ሄዱ። ልጅቷ ወደ ቤተ መጻሕፍት መጣች።

«ጥሩ ሰው ናቸው፣ እንደተጠሩ መጡ» አልኳት።

ጂኦግራፊውን ሳትገልጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ተጠሪዬ ብለው የጻፏቸው እርስዎ ነዎት አይደል?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ይሰረዛል?»

«መዝገብ አይሰረዝም። በቂ ምክንያት ካለሽ በማመልከቻ ይለወጣል።»

«ምክንያቱ የግድ ይጻፋል?»

«ያለ ምክንያት ማመልከቻ የለም።»

ወረቀት ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ግማሽ ሰዓት ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ቀኑ በቀኝ በኩል፣ ጉዳዩ ከሥሩ ተሠምሮበት፣ ልክ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንደሚያስተምሯቸው ነው። «ጉዳዩ፦ የከተማ ተጠሪ እንዲለወጥልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ስሟና ክፍሏ ከተጠቀሰ በኋላ እንዲህ ይቀጥላል፦

«ተጠሪዬ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ትምህርት ካቋረጠች በኋላ የክፍሌን መቀርቀሪያ አሠራለሁ ብለው ነቅለው ወስደው አልመለሱም። ጫማና ስልክ ገዝተውልኛል። አባትሽ ቢጠይቅ ከትምህርት ቤት ተሰጠኝ በይ ብለውኛል። ለሰው ብናገር ከትምህርት ቤት እንደሚያስባርሩኝ ነግረውኛል።»

ከዚህ በታች ሁለት መስመር አለ። እነሱን አልጽፋቸውም፤ የእሷ ናቸው፣ ለሚመለከተውም ሰጥታቸዋለች። መጨረሻው «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ነው። ፈርማበታለች።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከልማድ የተነሣ የፊደል ግድፈት ፈለግሁ። አልነበረም።

ያን ጊዜ ተገቢ ነገር ተናገርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት «ውሃ ትጠጫለሽ?» ነው። ጠጣች። ከዚያ «አምኜሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳት፣ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው።

«ማመልከቻውን ተቀበሉት?» አለችኝ።

«ተቀብያለሁ።»

ወደ ዩኒት ሊደሩ ይዤው ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«እስቲ መጀመሪያ ሰውየውን ጠርተን እንስማቸው» አለ።

«ተጠሪዋን ልትጠራ ነው?»

«ተማሪ ችግር ሲገጥማት ተጠሪ ነው የሚጠራው። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«ችግሩም ተጠሪውም አንድ ሰው ናቸው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ፤ ስልኩን ግን ከእጁ አላስቀመጠም። «ካልሆነ ሽማግሌ እናስቀምጥ። ሳይሰማ በውስጥ ያልቃል።»

«ለማን ነው የሚያልቀው?»

«ለሁሉም ነዋ። የልጅቷም ስም አይነሣ።»

«ከደወልክ መቀርቀሪያው ዛሬውኑ ተመልሶ በሩ ላይ ይገኛል» አልኩት። «ቢያንስ ለሆስፒታል ደብዳቤ ጻፍልኝ።»

ስልኩን አስቀመጠው። ማኅተሙ ግን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነጠላዬን ለብሼ ልጅቷን ይዤ ወጣሁ። ያለ ደብዳቤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱን ሙሉ የማስበው ሲመልሱን ምን እንደምል ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችን ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት።

«ደብዳቤ አልያዝንም» አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

«የምን ደብዳቤ?»

«ከትምህርት ቤት። ማኅተሙ ስለሌለ ነው።»

«እናቴ፣ እዚህ ሕፃን ይዞ ለመጣ ሰው ደብዳቤ አንጠይቅም» አለችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «ስንት ቀን ሆነው፣ የኔ እኅት?»

ልጅቷ ነገረቻት።

«ሦስት ቀን ሳይሞላ በመምጣትሽ ጎበዝ ነሽ። ከበሽታውም ከእርግዝናውም የሚከላከለው መድኃኒት ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ቢዘገይም ደግሞ ይመጣል እንጂ አይቀርም፣ የምናየው ሌላ ነገር አለ። ልብሱን አጥበሽዋል?»

«አላጠብኩትም።»

«እንዳለ ይቆይ። አንቺ አትሂጂ፣ ፖሊሷ ታመጣዋለች።»

እንድወጣ ጠየቀችኝ። ልጅቷ የነጠላዬን ጫፍ ስለያዘች ተቀመጥኩ።

ፖሊሷ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የምትከታተል ሳጅን ናት፣ ነርሷ ደውላላት ሆስፒታል ድረስ መጣች። አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ አንድ ጊዜ ጻፈች። ስንለያይ እኔን ገለል አድርጋ «ቤት ወስደው እንደገና እንዳይጠይቋት» አለችኝ። «ሰው ሁሉ አዝኖ ይጠይቃል። ልጅቷ ታልቃለች።» ቤቴ ወሰድኳት፣ ምንም አልጠየቅኋትም። ጎመን በድንች ሠራሁ።

ሰውየው በማግስቱ ተያዘ። እስከዚያ ቀን አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ግን እሱ እለዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን አባትየው እኔ ቤት መጡ፣ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ተከትለው። የሰውየው ዘመዶች ከፖሊስ መጥሪያ ቀድመው አባትየው መንደር ደርሰዋል። ልጅቷ ጓዳ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ለሰላምታው ረዥም ጊዜ ወሰዱ፣ ስለ አዝመራውም አነሡ፤ ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ሰይጣን ነው ያሳሳተው። እሱም ተጸጽቷል። ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷን እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተምራታለሁ ብሏል።»

አባትየው አሰቡበት።

«ከማን ቤት ሆና?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይህን አልተነጋገሩበትም።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት። ብታረቅ ምን ይሆናል?»

«ሳጅኗን ጠይቄያታለሁ» አልኳቸው። «በልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በእርቅ አይዘጋም ብላለች። ብትታረቁ የታረቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ዐቃቤ ሕጉ ይቀጥላል። ምስክሯን ካሸሻችሁት ግን ክሱ ይዳከማል።»

«ምስክሯ ማን ናት?»

«ልጅዎ ናት።»

«እሷ ምን አለች?»

እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ እኔም አልጠየቅኋትም ነበር፣ ምንም አትጠይቂ ስለተባልኩ። ተጠራች። ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁላቸውንም እጅ ነሣች።

«መማር እፈልጋለሁ» አለች። «እዚህ ግን አይደለም። መንደር እማይ ዘንድም ብመለስ ተዳሪ ይሉኛል።»

አባትየው ተነሡ። «ሰምታችኋታል» አሏቸው ሽማግሌዎቹን። «እናንተንም በደህና ያግባችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ትልቁ ሽማግሌ በሩ ላይ ሲደርሱ እኔን «አንቺ አስተማርሻት» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው አልኳቸው።

ቢቸና ያለችው እኅቴ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፣ ራሷም መምህርት ናት። ልጅቷን እንድትቀበል ደወልኩላት። እሺ አለች። ለአባትየው ስነግራቸው አላመሰገኑኝም። «አያለሁ» ነው ያሉት። መናኸሪያ ስንሄድ ለልጅቷ የመስኮት ወንበር ካስያዙላት በኋላ ራሳቸውም ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። መንደራቸው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

«ደጉን ሰው አንድ ጊዜ አመንኩ» አሉኝ በመስኮቱ በኩል። «አሁን ቤቱን አያለሁ። አድራለሁም።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። ተሳፋሪው ይሰማል፣ እሳቸው ግድ አልሰጣቸውም።

«ያልተመቸሽ ነገር ቢመጣ ለማን ትናገሪያለሽ?»

«ለአባባ።»

«እኔ ሩቅ ነኝ።»

«ለእኚህ ለቲቸር እደውላለሁ።»

«ካላነሡልሽስ?»

«ቢቸና ላለችው ፖሊስ። ሴቷን እጠይቃለሁ። ወይም ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ደብዳቤ አያስፈልግም።»

«ካልሰሙሽስ?»

«የሚሰማኝ እስካገኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።»

«ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችው። ከፊት ያለች አንዲት ሴትዮ ልጇን ቀስቅሳ «ስሚ» አለቻት።

አባትየው ቢቸና ሦስት ቀን ቆዩ። እኅቴ በሦስተኛው ቀን ደውላ «ከኛ ጋር ሊኖሩ ነው?» አለችኝ። የጎረቤቶቹን ሁሉ የሥራ ዓይነት እየዞሩ ጠይቀው ነው የሄዱት።

ዘንድሮ ምዝገባ ላይ ወላጁን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ አስወጣና ልጁን ለብቻው «ማንን ልጻፍልህ? ማንን ልጻፍልሽ?» እላለሁ። ሰልፉ ይረዝማል። ዩኒት ሊደሩ ስለ ሰልፉ ተናግሮኝ ነበር፤ አሁን እሱም ልጁ እስኪመልስ ደጁ ላይ ከወላጁ ጋር ያወራል።

ምስክርነቷ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተሰማ፣ በዝግ ችሎት። አባትየውና እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከሰዓት በላይ ቆየች። ስትወጣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ጨረስሽ?» አሏት አባቷ።

«ጨረስኩ። ዳኛዋ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሉኝ።»

«አደረግሽ?»

«አደረግሁ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ጥፋተኛ ተባለ፣ እስራት ተፈረደበት። እሷ ፍርዱን ለመስማት አልመጣችም። ምስክርነቷን የሰጠች ዕለት በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ቢቸና ተመልሳለች፣ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበራት።