ከረጅሙ ፎቅ ሥር

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሳን ሆዜ መሐል ከተማ አለፍን። ባለቤቴ ሰናይት ትነዳለች፤ አባቷ አባባ ታደሰ ከፊት፣ እኔና ልጃችን ከኋላ ተቀምጠናል። አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ የፎቆቹን ራስ ሊነካ ምንም ሳይቀረው በላያችን አለፈ። ልጄ ቀና ብላ አየችና፣ "አያቴ፣ ዋይ አር ዘይ ኦል ሶ ሾርት?" አለች። ይህን ያህል ሰፊ ከተማ ይዘው ፎቆቹ ሁሉ ማጠራቸው ገርሟት ነው።

"አቅቷቸው አይደለም" አሉ አባባ ታደሰ። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸውም ለሳን ሆዜ ጥብቅና መቆም አልተዉም። "ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፤ ከዚህ በላይ እንዳይረዝሙ ተከልክለው ነው። ረጅም ፎቅ የፈለገ ኦክላንድ ይሂድ። አባትሽን ጠይቂው፣ የረጅም ፎቅ ሰው እሱ ነው።"

ሰናይት ሳቀች። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ፤ ልጄ ግን ንገረኝ ብላ አለቀቀችኝም።

የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ ከኦክላንድ ፎቆች ሁሉ በሚረዝመው ሕንፃ ውስጥ እሠራ ነበር። ይህ እውነት ነው። የምሠራው ግን ከምድር በታች፣ ሦስተኛው የፓርኪንግ ወለል ላይ ነበር። እዚያ ጸሐይ የለም፤ ያለው የዘይትና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። ውጭ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በሚገቡት መኪኖች ጎማ ነበር። በላዬ ሃያ ምናምን ፎቅ አለ፤ አንዱንም ረግጬው አላውቅም።

ሰናይትን ያገኘኋት እዚያው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ፣ አንድ ጓደኛችን ባደረገው የምረቃ ግብዣ ነው። ሥራዬን ከመጀመሪያው ቀን ነግሬያታለሁ። አባቷ ግን የድሮ ሰው ነበሩ። ሽማግሌ ሳይላክ የልጁን ፊት ማየት አይፈልጉም። ስለዚህ የማውቃቸውን ሽማግሌ ጋሼ መኮንንን ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ሳን ሆዜ ላክሁ። ጋሼ መኮንን አንደበታቸው የተባረከ ነው፤ ሊገዙት የመጡትን መኪና ሲያወድሱ ሻጩ ራሱ ሐሳቡን ለውጦ አልሸጥም ሊል ይደርሳል።

ማታ ስልክ ደወሉልኝ። "ተሳክቷል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች።"

አባትየው ልጁ ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሼ መኮንን፣ "ከኦክላንድ ረጅሙ ፎቅ ውስጥ" ብለዋል። እስከዚህ ምንም አይደል። ስንተኛው ላይ ሲባሉ ግን፣ "ጫፉ ላይ" አሉ። አባትየውም፣ "እንግዲያው ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጥቼ ከተማውን ከላይ ልየው፤ መልሱን በሁለት ሳምንት እነግራችኋለሁ" ብለው ሸኟቸው።

"ጋሼ፣ እውነቱን ብንነግራቸውስ?"

"ሽማግሌው ዋሸ ልትል ነው? ሽማግሌ ከተዋረደ ወዲያ ምን ጋብቻ አለ?"

ለሰናይት ብደውልላት፣ "ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያንተ ሥራ ነው" አለችና ዘጋችው።

መላ መታሁ። ቅዳሜ ቢሮዎቹ ባዶ ናቸው፤ የላይኛውን ፎቅ የምታጸዳ ጓደኛዬ አንድ ክፍል ልትከፍትልኝ ቃል ገባች። ጋሼ መኮንን ሙሉ ልብሳቸውን አዋሱኝ፤ እኔን ሁለት አድርጎ ይይዛል። ሰዓቱ አላሳሰበኝም። የሐበሻ የአራት ሰዓት ቀጠሮ ማለት አምስት ሰዓት ነው ብዬ፣ በአራት ሰዓት ሺፍቴን ለሥራ ባልደረባዬ አስረክቤ ልለብስ አሰብኩ። ሰውየው ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ደቂቃ እየቆጠሩ ሲነዱ የኖሩ መሆናቸውን ረሳሁት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢጫ ሰደርያዬን እንደለበስኩ፣ አንዲት ነጭ መኪና ከፊቴ ቆመች። መስኮቱ ወረደ። ሰናይትን ቁጭ፤ ግንባሩ እንኳን የሷ ነው።

"ያገር ልጅ ነህ መሰል" አሉኝ። "ዳዊት የሚባል ልጅ እላይ ይሠራል አሉ። ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ምን ዓይነት ልጅ ነው?"

"ጨዋ ነው።" ትንሽ መሰለኝና፣ "በጣም ጨዋ ነው" ብዬ ጨመርኩ።

"ይጠጣል?"

"ለበዓል ብቻ።"

"ቤተ ክርስቲያን ይስማል?"

"ሥራ ካልያዘው አይቀርም።" አፌ ተፈቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥሩ ልጅ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አንተ እኔን ብትሆን፣ ልጅህን ትሰጠዋለህ?" አሉ።

አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከሥሬ ያለው ሲሚንቶ ቢከፈት እወድ ነበር።

"አባቴ፣ ዳዊት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እላይ ወጥቼ አላውቅም። የምሠራው እዚሁ ነው።"

ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እሳቸው አልቸኮሉም።

"በል፣ ጥላ ቦታ ፈልግና አቁምልኝ" አሉ፣ ሦስት ወለል ከምድር በታች ሆነን።

ወርደው ጠባቧን ክፍሌን አዩ፣ የተሰቀለውን ሙሉ ልብስ አዩ። "የማን ነው?" አሉ። የጋሼ መኮንን መሆኑን ስነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁ። ላይ ውሰደኝም አላሉ።

ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመለሱ፣ ጋሼ መኮንን ጉዱን ሁሉ ከእኔ ሰምተው ስለነበር አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። አባባ ታደሰ ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ "ቦታውን ሄጄ አየሁት፤ እንዳላችሁት ነው" አሉ። ጋሼ መኮንን ወዲያው ቀና አሉና፣ "እንዲያውም እድገት ሊሰጡት ነው" ብለው ጨመሩበት።

ታሪኩ ሲያልቅ መኪናው ውስጥ ልጄ በሳቅ ተንፈራፈረች። አባባ ታደሰ ወደ ኋላ ዞር ሳይሉ፣ "ለመሆኑ ያን ቀን ለምን ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እንደመጣሁ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አውቶቡስ ነጂ ስለነበሩ ነዋ።"

"ሰናይት ናት የላከችኝ። ማንነትህን፣ የት እንደምትሠራ፣ ሁሉንም ነግራኛለች። ራሱ ካልነገረህ መኪናህን አዙረህ ና፣ እኔም እተወዋለሁ አለችኝ።"

ወደ ሰናይት አየሁ። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። "ነገርካቸው አይደል?" አለች ብቻ።

ይኸው ስንት ዓመት፣ ያን ቀን እውነቱን በመናገሬ በልቤ ስኮራ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ አባባ ታደሰ ያን ቀን በመኪና መስኮት የጠየቁኝን እቆጥራለሁ፤ አምስት ናቸው። አራቱን ማንነቴን ደብቄ አልፌያለሁ። ሰውየው በአራተኛው ሰልችቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ይህች ከጎኔ ሆና የምትስቅ ልጅ የለችም።