ሎሚ የገባበት የአራስ ወተት

ትናንት ከሰዓት ከአማን ባጃጅ ይዤ ሚዛን እህቴ ቤት ደረስኩ። እህቴ አራስ ናት... ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ጡቷ ገና እሺ አላለም፤ ልጁ ይስባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል። እሷም አብራው ታለቅሳለች። አጥሚት በወተት ስትጠጣ ግን ትንሽ ትንሽ ይመጣላታል።

ወተቱን ከሸዋ ቤንች የሚያመጡልን እማማ አስካለ ናቸው። ጠዋት በሚኒባስ መጥተው አንድ ሊትር ይሰጡናል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ሚዛንን ብታስሱ የሚታመን ወተት አታገኙም።

ስገባ ማጀት ውስጥ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ባሏ። አራሷን የሚጠብቁት ሴቶች ለቅሶ ሄደዋል፣ እሱ የእህቴን ሽርጥ አስሮ ከሰሉ አጠገብ ቆሟል። ድንቄም ባለሙያ።

ይሄ ሰውዬ ቀን ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ሲያነብ ይውላል፣ ማታ ያነበበውን እኛ ላይ ይዘረግፈዋል። የማያውቀው ነገር የለም። እንቁላል መቀቀል ግን አይችልም።

ወተቱን በትንሽ ድስት እስከ አፉ ሞልቶ ጥዶታል፣ ክዳኑንም ገጥሞታል። ከስሩ ከሰሉ ተፋፍሟል።

«ክዳኑን አንሳው፣ ሊገነፍል ነው» አልኩት።

«እትዬ፣ ወተት እኮ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ቶሎ እንዲፈላ አይደል የሚከደነው?»

ተናግሮ ሳይጨርስ ወተቱ ተነሳና ክዳኑን ገፍቶ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ። ግማሹ ሄደ። እሱ እቴ፣ ደንገጥ እንኳን አላለም... ስሩ ያረረውን ወተት በማንኪያ አማሰለና ሎሚ ገምሶ ጨመቀበት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቫይታሚን ነው። እኔ በየጠዋቱ የሞቀ ውሃ በሎሚ አይደል የምጠጣው? ለአራስማ የበለጠ ጥሩ ነው።»

ዓይናችን እያየ ወተቱ ተቆራረጠ። አይቡ ለብቻው፣ አጓቱ ለብቻው።

እስቲ አሁን ውሃ ውስጥ ምን አለና ሎሚ ይቆራርጠዋል? ወተት ግን ቅባት አለው፣ ስኳር አለው፣ ያ ወደ አይብ የሚለወጠው ፕሮቲንም አለው። ለዚህ ነው የሚገነፍለው፣ ከስር የሚያረው፣ ኮምጣጣ ሲነካው የሚቋጠረው። ይሄን ለማወቅ አንድ ቀን ወተት አፍልቶ ማየት ይበቃል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ...

ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሴትዮዋ ውሃ ቀላቅላበት ነው።» ቅድም ወተት ውሃ ነው ያለው ያው አፍ።

ሳልደርስበት ስልኩን አንስቶ ደወለላቸው። እኔ እንድሰማለት ድምፁንም ከፈተው።

«አንቺ፣ ውሃ ነው እንዴ የምትሸጪልን?» አላቸው። እናቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብሎ። በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ አስካለ አስጨርሰው ሰሙት። «እሺ ልጄ» አሉት። «ውሃ እዚያው ቧንቧችሁ ላይ አለላችሁ። እኔ ከነገ ጀምሮ አልመጣም።» ዘጉበት።

ልጁ ከጓዳ ማልቀስ ጀመረ። እህቴ ሁሉንም ሰምታለች። ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ ድምጿንም ከፍ ሳታደርግ...

«ነገ ጠዋት እማማ አስካለ ወተታቸውን ይዘው ካልመጡ፣ ልጁን አንተ ታጠባለህ» አለችው።

ሽርጡን ፈታ። ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄድ ሚኒባስ ፍለጋ ሲወጣ ከበር ሆኜ አየሁት። አንዲትን ትልቅ ሴት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፣ በእጁ ግማሽ ኪሎ ስኳር እንኳን አልያዘም።

እንግዲህ አባወራ የምንለው ይሄንን ነው።