ሽሮ መጡ

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ የቻይና ቤተሰብ አየሁ። ሴት ልጃቸው የዩኒቨርሲቲዋ ስም የታተመበት ሹራብ ለብሳለች፤ አባትየው ስልኩን እያየ ይመራል። ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚሄድ አስጎብኚ የለም። ድሮ የማውቀው አስጎብኚ፣ ሊዩ፣ ትዝ አለኝ።

ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሁድ ከዚህ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ እትዬ ጥሩነሽ ምግብ ቤት አስተናግድ ነበር። የቼሪ አበባ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች መንገዱን የሚያጨናንቁበት ሰሞን ነው። አንድ ጎልማሳ ቻይናዊ ገባና እትዬን እንዳየ በአማርኛ፣ "ና! ምግብ አምጣ! ቶሎ ቶሎ!" አላቸው።

"ማንን ነው 'ና' የሚለው? ደግሞ ወንድ አደረገኝ!" አሉና በሩን አሳዩት።

ተከትዬው ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። ስሙ ሊዩ ነው፤ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ መንገድ ይሠራ ነበር። አማርኛን የለመደው ከቀን ሠራተኞች ጋር ስለሆነ የሚያውቀው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ያውም ለወንድ። በዚያን ጊዜ ያገሩን ሰዎች ያስጎበኝ ነበር።

"ድሮ ትልቅ አውቶቡስ፣ ሁሉም አንድ ላይ" አለኝ። "አሁን ቤተሰብ፣ ቤተሰብ። ልጅ እዚህ ይማራል፣ እናት አባት ይመጣል። 'እዚህ የሚኖር ሰው የሚበላውን አብላን' ይላል። ምግብ ቤት ካላገኘሁ አለቃ 'ሂድ' ይለኛል።"

ማስረዳት ያኔም እወድ ነበር። መኪናው ላይ ደገፍ ብለን፣ ለትልቅ ሰው "ና" ሳይሆን "ይምጡ"፣ "መጣ" ሳይሆን "መጡ" እንደሚባል አስጠናሁት።

"መቼ ነው እንደዚህ የምለው?"

"ስታከብር" አልኩት። ደንቡን አሳጥሬ ማስረዳቴ አኩርቶኝ ነበር።

በሳምንቱ አንድ ቤተሰብ አስከትሎ መጣ። "እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ጎንበስ አለ። እትዬ ፊታቸውን ሳይፈቱ ወደ ጠረጴዛ ጠቆሙ። ሽሮው እየተንተከተከ ሲቀርብ ግን ሊዩ ብድግ ብሎ፣ "ሽሮ መጡ! እንጀራም አብረዋቸው መጡ!" አለ።

አለቀልን ብዬ እትዬን አየሁ። ወገባቸውን ይዘው ይስቃሉ።

"የገዛ ሽሮዬን እኔ እንኳ አንቱ ብዬው አላውቅም!" አሉ፣ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ። "በል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አምጣቸው።"

ዛሬ ሊዩ የት እንዳለ አላውቅም። እንግዶቹን ስልካቸው ይመራቸዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ይዘው የሚመጡት ቃል "ብላ"፣ "ተኛ"፣ "ተነሣ፣ ባሱ ሊያመልጥህ ነው" ነው። ሁለት ሥራ ሠርቶ የሚገባ ወላጅ ከትእዛዝ ሌላ የሚናገርበት ጉልበት አይተርፈውም። ስለዚህ የአንቱን ደንብ ከማስረዳቴ በፊት እንዴት እንደዋሉ እጠይቃቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን ያወሩኛል።