ሰግጄ መነሳት ሲያቅተኝ

የስቅለት ዕለት ግንባሬን መሬት አስነክቼ መነሳት አቃተኝ። በመምህርነት ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ ጀምሮ ሳልሰግድ ያለፈኝ ስቅለት የለም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቢሆን ከወጣቶቹ እኩል ወድቄ እነሳ ነበር። የዚያን ቀን ግን ቀትር ላይ እንደ ሌላው ሁሉ ጉልበቴን አጥፌ ተደፋሁና ልነሳ ስል ጭኔ እምቢ አለኝ። መዳፌን መሬት ላይ ተጭኜ ገፋሁ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ወገቤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሞከርኩ፤ እዚያው ነኝ።

ዙሪያዬን የሞላው ሰው «ኪራላይሶን» ይላል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። እኔን የነካኝ የለም፤ በጸሎት የተደፋችን ሴት ማን ደፍሮ ይነካል? እኔም ብሆን አፌን ከፍቼ «አንሱኝ» አላልኩም። ላቤ በነጠላዬ ውስጥ እየወረደ፣ አቧራው አፍንጫዬ እየገባ እንደተደፋሁ ቆየሁ። እዚሁ መቅረቴ ነው ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ በጎኔ ተንከባልዬ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ካብ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ። እኩያዬ ናት፤ ከፃግብጂ መጥታ እዚሁ አግብታ የኖረች። «አንቺስ ዘንድሮ ከልብሽ ነው የሰገድሽ» አለችኝ። «እንደተደፋሽ ቀረሽ እኮ። እኔማ አንቺን እያየሁ አለቀስኩ።»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። የሰፈራችን ወሬ ባሕር ዳር ላለችው ልጄ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ልጄ ከሰማች ደግሞ መጥታ ልብሴን ሸክፋ ይዛኝ ትሄዳለች። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ጣሪያ ስቆጥር መዋልን ከሞት ለይቼ አላየውም። ቤቴን ጥዬ ላለመሄድ ስል የማይገባኝን ምስጋና ተቀብዬ ገባሁ።

ከፋሲካ በኋላ የግፊት ክኒኔን ልወስድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዲስ የተመደበችው ነርስ «እማማ» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን «ቲቸር» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝና «እማማ» መባል ያናድደኛል። ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ያለፈውን ዓመት ካርዴን አየችና ደግማ አወጣችኝ።

«በጣም ቀንሰዋል» አለች።

«ጾሙ ነው።»

«ጾሙ አምናም ነበር» አለች።

ከዚያ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበሩ አምስት ጊዜ እየተነሳሁ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። የሰው ልጅ «ተነሱ፣ ተቀመጡ» እያልኩ ጡረታ የወጣሁ ሴት! በሆዴ ሳቅኩ። ሁለቴ ተነሳሁ። በሦስተኛው እጄ ሳላዘው ወርዶ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። የስልኳን ሰዓት አየችና ሁለት ጣቷን ዘረጋችልኝ። «ባለዎት ኃይል ይጭመቁኝ» አለች። ጥርሴን ነክሼ ጨመቅኩ። ትንሽ ቆየችና «ይጀምሩ እንጂ» አለችኝ።

ባለኝ ኃይል ሁሉ ስጨምቃት ጭራሽ አልተሰማትም። እሷም ገባትና ቀና ብላ አየችኝ። «ቤት ውስጥ ቢወድቁ ማን ያነሳዎታል?»

«ለምን እወድቃለሁ?» ብዬ ተቆጣኋት። ምስኪን፣ እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ፣ በየቀኑ ከወንበር መነሳት ይለማመዱ ለማለት ነበር የፈለገችው። በትሕትና ነገረችኝ፤ እኔ ግን ፍርሃቴን በቁጣ ሸፍኜ ወጣሁ።

ቤቴ ግን እንዳለችኝ እየተለማመድኩ ወንበሩን ለመድኩት። ያስፈራኝ መሬቱ ነበር። እቃ ከእጄ ወድቆ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ያ አቧራ አፍንጫዬ ላይ ይመጣብኛል። ስለዚህ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ሰው እንዳያየኝ የግቢዬን ቆርቆሮ በር ቀረቀርኩና ሰሌን አንጥፌ መስገድ ጀመርኩ። አንዱን ተነሳሁ። ሁለተኛውን እያቃሰትኩ ተነሳሁ። ሦስተኛው ላይ ቀረሁ።

በሩ ተንኳኳ። «አለሽ?» አለች ጎረቤቴ።

በሩ ከኔ ሰባት እርምጃ ቢርቅ ነው። አፌ ከኔ ቀድሞ «ጸሎት ላይ ነኝ» አለ።

«ውይ፣ ይቅር በይኝ። እኛንም አስቢን» አለችና ሄደች።

ጫማዋ ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ ሰማሁት። እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ነገም ታምነኛለች፤ ከነገ ወዲያም። በሬ ሦስት ቀን ባይከፈት እንኳ ሱባዔ ይዛለች ብለው ኮቴያቸውን አጥፍተው ነው የሚያልፉት። እስክሸት ድረስ አክብረውኝ ያልፋሉ።

«ተመለሺ!» ብዬ ጮህኩ። «ጸሎት አይደለም። መነሳት አቅቶኝ ነው። የስቅለት ዕለትም አቅቶኝ ነው የተደፋሁት።»

ኮቴዋ ቆመ፤ ከዚያ በጥድፊያ ተመለሰ። በሩን ነቀነቀችው። «ተቀርቅሯል እኮ» አለች፤ ድምጿ ተለውጧል።

«እኔው ነኝ የቀረቀርኩት።»

«ዳኺ በቃ። አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ።»

በክርኔም በጉልበቴም ዳኽኩ። ሁለቴ አረፍኩ። ባረፍኩ ቁጥር «አለሽ?» ትለኛለች፤ «አለሁ» እላታለሁ። በሩ ጋ ደርሼ በጉልበቴ ተንጠራርቼ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ገብታ በብብቴ ሥር እጇን አስገብታ ወደ ላይ ጎተተችኝ። አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አልኩ። ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ዘጭ አልን። የበሩን መቃን ይዛ ልትነሳ ሞከረች፣ ግማሽ ደረሰች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ደግማ ሞከረች። አልሆነም። ዞራ አየችኝ፤ ዓይኖቿ ፈጠዋል።

«እኔም እንዲህ ከሆንኩ ሰነበትኩ» አለች። «ልብስ ሳጥብ የልጄን ሚስት ጠብቄ ነው የምነሳው። እንዳታውቅብኝ ‹ነይ አስጪልኝ› ብዬ እጠራትና እሷን ተደግፌ እነሳለሁ።»

እግራችንን ዘርግተን መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየን። ሁሉም ገበያ ወርዷል፤ አንድ ሰው የለም።

«አሁን እኔን ማን ያነሳኛል?» አለችኝ።

እጇን ያዝኩና ሁለታችንም ባለን ድምፅ ሁሉ ሰው መጣራት ጀመርን።